የምሥራቁ ጥግ

ሀዋሳ፣ መጋቢት 11 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ሀዋ፣ ድሬዳዋ፤

እንደምን ከርመዋል? «ጆሮዬ ስልክ እምቢ ብሎኛል፣ ነገር ካለህ ጻፍልኝ» ካሉኝ ወዲህ እኔም እንደ ድሮ ሰው ብዕርና ፖስታ ገዝቻለሁ። ከማመልከቻ በቀር በእጄ ጽፌ ስለማላውቅ ለጽሕፈቴ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ተማሪዬ እንዲህ ቢጽፍልኝ ማርክ እቀንስበት ነበር።

አዎ፣ የሰሙት እውነት ነው፤ ቦታውን ከአምና ጀምሮ ተረክበናል። ወደ ቱላ ሲሄዱ በስተግራ ያለው፣ ለመንገድ ሥራ ገረጋንቲ ሲወጣበት ኖሮ በኋላ ከተማው ሁሉ ቆሻሻ ሲደፋበት የኖረው ያ ጉድጓድ ነው። መድፋት ከተከለከለ አራት ዓመት ሆኖታል። አሥራ ስምንት ሴቶች ተደራጅተው አረንጓዴ ሊያደርጉት ወስደውታል፤ እኔ ከዩኒቨርሲቲው የተመደብኩ አማካሪ ነኝ። ሁሉም እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ፕላስቲክና ብረት ለቅመው ለቆራሌ እየሸጡ ልጆች ያሳደጉ ናቸው። ጉድጓዱ ሲዘጋ እንጀራቸውም አብሮ ነበር የተዘጋው።

ውሉን ልንገርዎ። በመጪው መስከረም መጨረሻ ኮሚቴ መጥቶ ይለካል። ከመሬቱ ከመቶ ሰባው በሕይወት ባለ ተክል ተሸፍኖ ከተገኘ ቦታው ለሴቶቹ ይጸናል፤ ችግኝ ያፈሉበታል፣ መናፈሻ አድርገው ይተዳደሩበታል። ከሰባ ከወረደ የከባድ መኪና ማቆሚያ ይሆናል፣ እነሱም ባዶ እጃቸውን ይሰናበታሉ።

«አንድ ክረምት ምንም አትትከል፣ መሬቱ ራሱ የሚያወጣውን እይ» ያሉኝን ይዤ አምና እጃችንን አጣጥፈን ተቀመጥን። ባልደረቦቼ ሳቁብኝ፤ ቦታውን የሰጠን የከተማው ቢሮም ሁለት ጊዜ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈብኝ። አሁን ምን ምን በራሱ በቀለ ብለው ለጠየቁኝ ይኸው መልሱ። በምዕራብ በኩል ሳማ፣ ያውም ሰው የሚያህል። መሐል ላይ አስተናግር እንደ ጉድ። ተዳፋቱ ላይ እምቧይና ትንሽ ሰርዶ። የፈረሰ ቤት ፍርስራሽ በተከመረበት፣ በጡቡ ስንጥቅ መሐል መጭ። በምሥራቁ ጥግ ግን ምንም የለም። አስተናግር እንኳ ዞር ብሎ አላየውም።

ከሴቶቹ መሐል ደብሪቱ የምትባል አለች፤ ዕድሜዋ ወደ አርባ አምስት ይጠጋል። እኔና ተማሪዎቼ ሁለት ወር ሙሉ አፈር እየወሰድን ስናስመረምር የቦታውን ካርታ ሠራን። ደብሪቱ ካርታችንን አየት አደረገችና በእንጨት መሬት ላይ የራሷን ሣለች፤ «እዚህ የሆቴል ትራፊ፣ እዚህ የእንጨት ቤት ሰጋቱራ፣ እዚህ አመድ» እያለች። ከኛ ጋር የተለያየችው ሁለት ቦታ ላይ ነበር። ሁለቱንም ቆፍረን አየን፤ ትክክሏ እሷ ነበረች። እኔ በዚህ ሙያ ሁለት ዲግሪ አለኝ፣ እትዬ። ያን ቀን ዲግሪዎቼን ይዤ ከኋላዋ መሄድ ብቻ ነው የቀረኝ።

ከአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ የዓሣ ቆሻሻ እያመጣን ለማዳበሪያ ልንቀብር አስበናል፤ ምን ይላሉ? ደግሞም ሳልረሳው፣ ተማሪ ሳለሁ እዚህ ሀዋሳ ወደነበረው ችግኝ ጣቢያዎ ለልምምድ ስመጣ መጀመሪያ ያስያዙኝ አካፋ ሳይሆን መዶሻና ሚስማር ነበር። ባዶ የፀረ ተባይ ጣሳ፣ ሰው አጥቦ ዕቃ እንዳያደርገው፣ ሳይበሳ ከግቢ አይወጣም ነበር። ይህን ለሴቶቹም ለተማሪዎቼም አስተምራለሁ። «የሀዋ ሕግ» እንለዋለን።

ጌታ ጤናዎን ይስጥዎ።

ልጅዎ ማርቆስ


ድሬዳዋ፣ መጋቢት 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ ማርቆስ፤

አሰላሙ አለይኩም ስልህ አንተም በጌታ ሰላም መልስልኝ፤ ሁለቱም አንድ ቦታ ይደርሳሉ። ጽሕፈትህ ዶሮ የጫረው ነው። ልጄ አጉሊ መነጽር አምጥታልኝ በሦስት ቀን ጨረስኩት። ግን ደስ አለኝ፤ እዚህ ከሙቀቱ በቀር የሚያነጋግረኝ የለም።

ሳማ ካለ መሬቱ ጠግቧል ማለት ነው፤ ዋንዛ ትከልበት። አስተናግሩን ነቅለህ ብሳና አድርግ፤ ብሳና ቅጠሉን እያራገፈ አፈር ይሠራልሃል። ፍርስራሹ ላይ ክትክታ ነው፤ ክትክታ ድንጋይ አይፈራም። ተዳፋቱን በቬቲቨር ሣር በአግድም ስፋው። ሰርዶውን እንዳትነካው፤ ማንም ሳይለምነው የመጣ እንግዳ ነው። የዓሣ ቆሻሻው ጥሩ አሳብ ነው፤ ክንድ ሙሉ ቅበሩት። ከዚያ ካነሰ አትድከሙ።

የምሥራቁን ጥግ ተወው። አትቆፍሩት። ድንጋይ ደርድራችሁ እሾህ እጠሩበት፤ ሴቶቹም ምሳ ለመብላት እንኳ እንዳይቀመጡበት። ለምን አትበለኝ።

የሚስማሩንም ነገር አስተምር እንጂ በእኔ ስም አትጥራው። ስሜን ከእሱ ላይ አንሳልኝ።

ደብሪቱ ያልካትን ሴት ወደድኳት። እንዲህ ያለ ሰው በአንድ ሥራ ቦታ አንድ ጊዜ ቢገኝ ነው። አንተም ከኋላዋ መሄድህን አትፈርበት። እኔም ድሮ ብዙ ነገር የተማርኩት ውኃ ከምታጠጣ ሴትዮ ነው፤ ስሟን የሚያነሳ ሰው ግን የለም።

ሀዋ


ሀዋሳ፣ ሰኔ 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእትዬ ሀዋ፤

በግንቦቱ ደብዳቤዎ «ሁሉን ጻፍክ፣ የዓሣውን ነገር ለምን ዘለልከው?» ብለው ያዙኝ። እኔ ደግሞ አያስተውሉትም ብዬ ነበር። እንግዲህ እናገራለሁ።

ክንድ ሙሉ ብለውኝ ነበር። መሬቱ ጡብና ቆርቆሮ ነው፤ ሴቶቹ በመቆፈሪያ ሲታገሉ አይቼ አዘንኩና «ስንዝር ይበቃል» አልኩ። ያልኩት እኔ ነኝ፣ ማንም አይደለም። ደብሪቱ ሦስት ጊዜ «መምህር፣ አባ ኮዳዎቹስ?» ብላኛለች። ጋሪው ከአሞራ ገደል ሲነሳ ጀምሮ እነዚያ ትልልቅ የሐይቅ ዳር ወፎች ከላይ እየተከተሉት ሲመጡ በዓይኔ አይቻለሁ። አይቼም ሣቅሁ።

ሰኞ ጧት ስንደርስ ተዳፋቱ ላይ መቆሚያ የለም። ሁለት መቶ የሚሆኑ አባ ኮዳዎች፣ መላጣ ራሳቸውን ደፍተው፣ እጃቸውን ወደኋላ እንዳጣመሩ ጡረተኞች ቆመዋል። የተከልነውን አንድ ሺህ አንድ መቶ እግር ቬቲቨር ከሥሩ መንግለው የዓሣውን ጭንቅላት እየለቀሙ ነው። ሴቶቹ አካፋ እያነሱ ሲያባርሯቸው እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ቀረሁ። ቤቴ ገብቼም እህል አልቀመስኩም። ለቢሮው ምን ብዬ ሪፖርት እንደምጽፍ ሳሰላስል ሁለት ቀን አለፈ። ለእርስዎማ ጭራሽ ላለመንገር ወስኜ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ኃይለኛ ዝናብ ጣለ። ሲያባራ ደብሪቱ ደውላ «መምህር፣ ቶሎ ና» አለችኝ። ውኃው እንደ ልማዱ ተዳፋቱን ታጥቦ ወርዷል፤ አባ ኮዳዎቹ የቆፈሩት ጉድጓድ ሁሉ ግን ሙሉ ነው። እያንዳንዱ ሳህን የሚያህል ውኃ ይዟል። «እኛ በመስመር ተከልን፣ እነሱ በውኃው ልክ ቆፈሩ» አለች። በዚያው ቀን የተነቀለውን ቬቲቨር ለቅመን በየጉድጓዱ መለስነው። ዓሣውንም አሁን ክንድ ሙሉ ቀበርነው፤ ማንም አላጉረመረመም። ተዳፋቱ ዛሬ ከቦታው ሁሉ የለመለመው ነው። ለቢሮው የነገረችውም እሷ ናት። ቆማ፣ ሳታፍር፣ «ተሳሳትን፣ ወፎቹ አረሙን፣ አስተካከልን» አለቻቸው። እኔ ገጽ ሙሉ ሰበብ ጽፌ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ አላወጣሁትም።

የምሥራቁን ጥግ በተመለከተ ግን ልለምንዎ። ድንጋዩን ደርድረናል። ሆኖም ጥጉ ከጠቅላላው መሬት አንድ አሥረኛ ይሆናል፤ ባዶ የቀረ ሁሉ ደግሞ ይቆጠርብናል። ስለዚህ ቃልዎን አፍርሼ ሁለት ጊዜ ቬቲቨር ሞከርኩበት። ሁለቱንም ጊዜ በዘጠኝ ቀን ከጫፉ ቢጫ እየሆነ ሞተ። ቬቲቨር ሲሞት በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። እዚያ ያለውን ነገር ካወቁት ይንገሩኝ።

ልጅዎ ማርቆስ


ድሬዳዋ፣ ሰኔ 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ፤

የአባ ኮዳዎቹን ቦታ ለልጄ ጮክ ብዬ አነበብኩላት፤ ሣቃችንን ጎረቤት ሰማ። ስንዝር አልክ አሉ። ይሁን።

መሳሳትህ ምንም አይደለም። የተቆጣሁት ሁለት ወር ዝም ማለትህን ነው። ሰው የሠራውን ስህተት አምቆ በያዘው ቁጥር ስህተቱ ሌላ ነገር ይሆናል፤ ሲጀመር ያልነበረውን

እዚህ ላይ ብዕሬን አስቀምጬ ነበር። አሁን ሌላ ቀን ነው፤ ዓረፍተ ነገሩን እንዳለ ተወው።

ያቺን ሴት አደራ። ቆማ «ተሳሳትን» ማለቷን ሳነብ ወረቀቱን አጥፌ አስቀመጥኩት። እኔ በሠላሳ ዓመት ሥራዬ እንዲህ ብዬ አላውቅም።

አሁን የምጠይቅህን ሳትዘል መልስልኝ። ደብሪቱ እዚያ ጉድጓድ መልቀም የጀመረችው ከስንት ዓ.ም. ነው? ምን ምን ነበር የምትለቅመው? በግንቦት «በዚህ ሙቀት እንኳ ጓንቷን አታወልቅም» ብለህ ጽፈህልኝ ነበር፤ ለምንድን ነው? ጥጉ ላይ ቬቲቨሩን የቆፈረውስ ማን ነው? በባዶ እጅ ነበር?

ሦስተኛ እንዳትሞክር።

ሀዋ


ሀዋሳ፣ ሐምሌ 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእትዬ ሀዋ፤

ሳልዘል እመልሳለሁ።

የቆፈርኩት እኔ ነኝ፤ ጓንትና ቦት ጫማ ነበረኝ። ደብሪቱ የጀመረችው በ1993 ነው፤ ሃያ ዓመቷ ነበር። ጉድጓዱ እስኪዘጋ እዚያው ቆየች። መጀመሪያ ሁሉንም ትለቅም ነበር፤ ብዙም ሳትቆይ ግን ምሥራቁን ጥግ ለብቻዋ ያዘች። በየአሥራ አምስት ቀኑ ዓርብ ዓርብ አንድ የአህያ ጋሪ እየመጣ ጣሳ ይደፋ ነበር። አረንጓዴ ሆነው ወገባቸው ላይ ቢጫ ቀለበት ያለባቸው፣ ወፍራም፣ ክዳናቸው የሚገጥም ጣሳዎች። ከየት እንደመጡ አልጠየቀችም። በአሸዋ አጥባ እዚሁ አዲስ ከተማ ገበያ ወስዳ፣ እህል በጣሳ እየሰፈሩ ለሚሸጡ ሴቶች ትሸጥላቸው ነበር። «እንዴት ያለ ገበያ ነበረው መሰለህ» ብላ ሣቀችና ሣቋን መሐል ላይ አቆመች።

ጓንቷን እንድታወልቅ ለምኛት አየሁት። የመዳፏ ቆዳ ስስ ነው፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ። «ሁለት ክረምት ሙሉ ተልጦብኝ ነበር፤ ሳሙናው ነው ብዬ ተውኩት» አለችኝ።

በ2001 ደግሞ ጣሳዎቹ በሚስማር ተበስተው መምጣት ጀመሩ። «ሁለት ቦታ፣ ታችና ጎኑ ላይ። የበሳው ሰው እጁ ይሰበር ብዬ ነበር፤ እንጀራዬን ነው የበሳብኝ» አለች።

እትዬ፣ ይህን ስሰማ የተሰማኝን አልጽፈውም። በ2003 እኔ ራሴ የበሳኋቸውም እዚያው ሳይሆኑ አይቀሩም። የጠየቁኝን መልሻለሁ፤ እኔ ግን ምንም አልጠይቅም።

ማወቅ ያለብዎት ነገር ግን አለ። ባለፈው ሳምንት ለሙከራ ራሳችን ለካን። የሽቦ አራት ማዕዘን መቶ ጊዜ እየወረወርን ውስጡ ያለውን ቆጠርን። ስድሳ አራት መጣ። ጥጉ ከሒሳቡ ቢወጣ ሰባ አንድ ይሆናል። የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ሀብታሙ ደግ ሰው ናቸው፤ ሄጄ አስረዳኋቸው። «መርዝ መሆኑ ከተረጋገጠ ጥጉን አጥሬ ከልኬቱ አወጣዋለሁ። ግን ሰምተናል በሚል አይሆንም። ምን እንደተጣለ፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ ስንት ጥልቀት ላይ እንዳለ የሚያውቅ ሰው ፈርሞ ይስጠኝ» አሉኝ። ላብራቶሪውንም ጠይቄያለሁ፤ የምንፈልገውን የተባይ መድኃኒት ስም ካልነገርነው መመርመር አይችልም። አንድ ተቋራጭ ደግሞ ለልኬቱ ቀን የተጠቀለለ ሣር አንጥፈን እንድናሳልፈው መክሮን ነበር። ደብሪቱ «ነገ ሕፃን ይቀመጥበታል» ብላ መለሰችው።

ጤናዎን ይጠብቁ።

ማርቆስ


ሀዋሳ፣ ነሐሴ 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእትዬ ሀዋ፤

አርባ ቀን ሆነው። ለልጅዎ ደውዬ ነበር፤ «ደኅና ናት፣ ግን በየቀኑ ወረቀት ፊቷ አድርጋ ትቀመጥና ባዶውን አጥፋ ታነሳዋለች» አለችኝ። እኔ ያስቸገርኩዎ ከሆነ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ልኬቱ መስከረም 28 ነው።

ማርቆስ


ድሬዳዋ፣ ጳጉሜን 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ማርቆስ፤

ጥጉ የእኔ ነው።

ከ1989 ጀምሮ የችግኝ ጣቢያው የመድኃኒት መጋዘን ቁልፍ እኔ ዘንድ ነበር። ጋሪውን በየአሥራ አምስት ቀኑ የላክሁት እኔ ነኝ። በ1997 ደግሞ ጊዜው ያለፈበት የምስጥ መድኃኒት ሰባት በርሜል ተገኘ። አስወግጂ ተባልኩ፤ እንዴት ብዬ ብጠይቅ የሚያውቅ አልነበረም። ምሥራቁ ጥግ ላይ ከሰው ቁመት ጥቂት የሚበልጥ አስቆፍሬ ቀበርኩት። ቆሜ ያሳየሁት እኔ ነኝ። የእያንዳንዱን መድኃኒት ስም፣ ዓመቱንና ቦታውን በሁለተኛው ወረቀት ላይ ዘርዝሬ ፈርሜበታለሁ። የሚጠይቀኝ ካለ አድራሻዬም አለበት።

በዚያን ጊዜ ሁሉም እንዲህ ነበር የሚያደርገው፤ ይህን ብቻ ብጽፍልህ ግማሹን ይቅር ትለኝ ይሆናል። ቀሪውን ስማ።

በ2001 በጾም ወር ለማፍጠሪያ ሾርባ ምስር ልገዛ አዲስ ከተማ ወጣሁ። ሻጯ ጣሳዋን አንስታ ሰፈረችልኝ። ቀለሙ ለቅቋል፣ ቢጫው ቀለበት ግን አለ። ከፊቷ ሦስት፣ ከጎረቤቷ ፊት ሁለት፣ ወዲያ ደግሞ ሌላ ቆጠርኩ። ምስሩን ሳልወስድ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። በማግሥቱ መዶሻና ሚስማር ገዛሁ። አንተ በስሜ የጠራኸው ሕግ ይኸው ነው።

ለአንድም ሰው አልተናገርኩም። ሴትዮዋን እንኳ «ይህን ጣሳ ጣይው» አላልኳትም፤ ለምን ብላ ብትጠይቀኝ የምመልሰው ስላልነበረኝ ነው። እናንተ ልጆቹ «እንዴት ያለች ጥንቁቅ ሴት» እያላችሁ ስታደንቁኝ ዝም ብዬ ሰማሁ። ደስም ይለኝ ነበር፤ ከሁሉም የሚያሳፍረኝ እሱ ነው።

አሁን አንድ ነገር ታዘዘኝ። ሁለተኛው ወረቀት ቢሮ ከመግባቱ በፊት ይህን ደብዳቤ ለደብሪቱ አንብብላት። አንድ ቃል አታለስልስ። እጇን የላጥሁት እኔ ነኝ። ቅደደው ካለችህ ሁለቱንም ቅደዳቸው፤ መብቷ ነው።

ሀዋ


ሀዋሳ፣ ጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ሀዋ፤

ደብዳቤዎ በዓሉን አሳልፎ መስከረም 9 ደረሰኝ። እውነቱን ልንገርዎ፤ ተናደድኩ። ለሁለት ቀን ሥራ ቦታ አልሄድኩም፤ ሴቶቹን ታምሜ ነው አልኳቸው። ሐምሌ ላይ ጠርጥሬ እንደነበር ያውቃሉ። መጠርጠርና በእርስዎ እጅ ተጽፎ ማንበብ ግን ለየቅል ነው።

በሦስተኛው ቀን ደብሪቱን ከሥራ በኋላ አስቀርቼ አነበብኩላት። ያዘዙኝን አደረግሁ፤ አላለሰለስኩም። ጓንቷን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ሰማች። ስጨርስ «የገበያውን ቦታ ድገምልኝ» አለች። ደገምኩላት። የውኃ ማጠጫውን አንስታ ሄደች። በሁለተኛው ቀን ምሳ ሰዓት መጣችና «ወረቀቱን ለቢሮው ስጠው። ሰዎቹ በርሜሉን የሚያወጣ ባለሙያ ያምጡ» አለችኝ።

ኮሚቴው በቀኑ መጣ። አቶ ሀብታሙ ወረቀትዎን ሁለቴ አነበቡት። «በሃያ ዓመት ሥራዬ እንዲህ ያለ ወረቀት የሰጠኝ ሰው የለም» ብለው ጥጉን ከልኬቱ አወጡ። አሁን ታጥሯል፤ የሚመረምሩት ሰዎችም ከእርስዎ ዝርዝር ተነሥተው ናሙና ወስደዋል። ሽቦውን መቶ ጊዜ ወረወሩ። ሰባ ሁለት ሆነ። ቦታው የሴቶቹ ነው፣ እትዬ። እልልታው መንገድ ድረስ ተሰማ፤ አላፊ አግዳሚው ሠርግ መስሎት ይቆም ነበር።

ስለ እኔና ስለ እርስዎ ይህን ብቻ እላለሁ። ድሮ የማከብርዎት ምንም አይሳሳቱም ብዬ ነበር፤ እንዲህ ያለ አክብሮት ለማንም ይሰጣል። አርባ ቀን ባዶ ወረቀት ፊት ተቀምጦ በመጨረሻ «የእኔ ነው» ብሎ የሚጽፍ ሰው ግን እኔ አላውቅም፤ እኔም ራሴ መሆኔን እጠራጠራለሁ። ንዴቴ አላለቀም፤ አክብሮቴም አብሮት አለ። «የሀዋ ሕግ» የሚለውንም ስም አላነሳውም። ለተማሪዎቼ ግን ከእንግዲህ ሙሉውን ታሪክ ነው የምነግራቸው።

ደብሪቱ መልስ አላት። እሷ እየተናገረች እኔ ጻፍኩት፤ ከኔ የተጨመረ ቃል የለም።

«ወይዘሮ ሀዋ፣ ጤና ይስጥልኝ። ስለ እጄ አይጨነቁ፤ ከዳነ ቆይቷል፣ ቆዳው ብቻ ነው ሳስቶ የቀረው። እርስዎን ይቅር ብያለሁ። ይህን ለማለት ሁለት ቀን ፈጀብኝ፣ ግን ከልቤ ነው።

እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነገር ነው። ጣሳዎቹን አጥቤ የሸጥኳቸው እኔ ነኝ፣ ስምንት ዓመት ሙሉ። ምስር የሰፈረችልዎት ሴትዮም የገዛችው ከእኔ ነው። በዚያ ጣሳ ስንት ቤት እህል እንደገባ አላውቅም። የበላው ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሆነበት አላውቅም። እኔም ልጆቼን ከዚያው ገበያ በዚያው ጣሳ አስሰፍሬ ነው ያበላሁት። እርስዎ የበደሉትን ሰው አወቁት፤ ስሜን ጠርተው ደብዳቤ ጻፉልኝ። እኔ ለማን ላጽፍ?

ከሥራ ስወጣ ገበያው ውስጥ እገባለሁ። ከድሮዎቹ ሻጮች የቀሩት አራት ናቸው። ፊታቸው እቆምና ሽሮ ስንት ነው ብዬ ጠይቄ እመለሳለሁ። ለብቻዬ አፌ አልፈታ አለኝ። እርስዎም ያኔ እንደዚሁ ሆነው ነው የተመለሱት።

ይምጡ። ቤቴ ያርፋሉ። ሁለታችን ሆነን እንሂድና እንንገራቸው።»

ማርቆስ